ባሕር ዳር ከጎንደር ትበልጣለች? ከተማን ስለ መለካት

(ባሕር ዳር ላይ ለከተማ አስተዳደር ባለሙያዎች፣ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ርዕሱን ያዩ ጎንደሬ ወዳጆቼ ከወዲሁ ቅር ብሏቸዋል። ተረጋጉ። የፋሲል ከነማንና የባሕር ዳር ከነማን ጨዋታ ልዳኝ አልመጣሁም። ጥያቄውን ያነሣሁት ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀው ነው። ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ? ደብረ ብርሃን በፋብሪካ ጥላን ሄደች ወይ? ቡና ላይ ሲወራ ሁሉም መልስ አለው። እኔ ዛሬ የማወራው መልሱ ከየት እንደሚመጣ ነው። አንዲት ከተማ ያላትን ሰው፣ መሬት፣ ማሽንና መብራት በደንብ እየሠራችበት ነው ወይስ እያባከነችው? ይህን በቁጥር ማወቅ ይቻላል? ይቻላል። ችግሩ ቁጥሩን ካገኘን በኋላ የምናደርገው ነገር ነው።

አቋሜን ገና በመግቢያው ልንገራችሁ። የከተሞች የደረጃ ሰንጠረዥ ብዙም አይማርከኝም። ከዚህ ሁሉ ስሌት ለከንቲባም ለነጋዴም የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፤ "መማር ያለብኝ ከየትኛዋ ከተማ ነው?" ለሚለው የሚሰጠው መልስ። "ስንተኛ ወጣሁ?" የሚለው በቀላሉ ይጣመማል። እንዴት እንደሚጣመም አሳያችኋለሁ።

ከሩዝ እንጀምር። ከዚህ ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፎገራ ላይ የታጨደው ሩዝ ከነቅርፊቱ በጆንያ ይገባል። ማሽኑ ይጮኻል፣ አቧራው ያስነጥሳል። በአንድ በኩል ቅርፊቱ ይከመራል፣ በሌላ በኩል ነጩ ሩዝ ይወርዳል። 100 ኪሎ ካስገባችሁ 100 ኪሎ አይወጣም። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማው ቅርፊት ነው። ቀጥሎ ሲፈተግ የሚወጣው ቡናማ ልጣጭ አለ። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ማሽን ብታስመጡ ከ70 ኪሎ ብዙም አታልፉም። ጣሪያው ይታወቃል። አንዱ መፈልፈያ 66 ኪሎ፣ ሌላው 58 ኪሎ ቢያወጣ ማን እንዳባከነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የከተማ ጣሪያ ግን አይታወቅም። 100 ሺህ ሠራተኛ፣ ይህን ያህል ሕንፃ፣ ይህን ያህል መብራት ያላት ከተማ እስከ ስንት ማምረት ትችላለች? ማንም አልነገረንም።

በ1957 እ.ኤ.አ. ማይክል ፋረል የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት ለዚህ መላ አመጣ። ጣሪያው ካልታወቀ ከሚለኩት መካከል ጎበዞቹን ፈልግ፤ እነሱን በመስመር አገናኝ፤ መስመሩ ጣሪያህ ይሁን አለ። የቀረው ሁሉ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። እሱ የሞከረው በአሜሪካ ግዛቶች እርሻ ላይ ነበር። በ1978 ደግሞ ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ የተባሉ ሦስት ምሁራን መላውን ኮምፒውተር የሚፈታው ስሌት አደረጉት። የእነሱ መነሻ የድሃ ቤተሰብ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ትምህርት ቤት ትርፍ የለው፣ ምርቱ የገበያ ዋጋ የለው፤ ታዲያ በምን ይለካ? ዛሬ "ዲኢኤ" (ዳታ ኢንቨሎፕመንት አናሊሲስ) እየተባለ የሚጠራው ስሌት ይህ ነው። ለባንክ ቅርንጫፍም፣ ለሆስፒታልም፣ ለከተማም ይውላል።

እስቲ በእጃችን እንሥራው። አራት ከተሞች አሉ እንበል። ስም አልሰጣቸውም፤ ቁጥሮቹንም ለማስረዳት ብቻ ነው የፈጠርኳቸው። አራቱም በዓመት እኩል 100 ሚሊዮን ብር ሀብት ይፈጥራሉ። "ሀ" ለዚህ የምታሠማራው 2 ሺህ ሠራተኛና 600 ማሽን ነው። "ለ" 3 ሺህ ሠራተኛና 300 ማሽን። "ሐ" 6 ሺህ ሠራተኛና 200 ማሽን። "መ" ደግሞ 6 ሺህ ሠራተኛና 600 ማሽን።

ማን ጎበዝ ናት? ሀ በሰው ትቆጥባለች፣ በማሽን ታባክናለች። ሐ የእሷ ተቃራኒ ናት። ለ መሐል ላይ ናት። ከሦስቱ አንዷም ሌላዋን በሁሉም ነገር አትበልጣትም። ስለዚህ ሦስቱም ጣሪያው ላይ ናቸው። መ ግን ጣጣ አለባት። ለ በግማሽ ሰውና በግማሽ ማሽን ያንኑ ሥራ ትሠራዋለች። ስለዚህ መ ያገኘችው 50 በመቶ ነው።

አሁን ለን ከመዝገቡ እናውጣት። መረጃዋ በጊዜ አልደረሰም እንበል፤ ለምዶብናል። ሀንና ሐን ብቻ ስናገናኝ መስመሩ በ4 ሺህ ሠራተኛና በ400 ማሽን በኩል ያልፋል። የመ ውጤት ከ50 ወደ 67 በመቶ ዘለለ ማለት ነው። መ ውስጥ አንድ ሠራተኛ አልተቀነሰ፣ አንድ ማሽን አልተጠገነ። ከንቲባዋ ግን ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ሊኮሩበት ይችላሉ።

ደረጃ አይማርከኝም ያልኩት ለዚህ ነው። ነጥቡ አብረዋችሁ የተመዘኑትን ይከተላል። በአንጻሩ ከስሌቱ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፤ "የመ አቻ ለ ናት" የሚለው። ይህ ወርቅ ነው። መ አምስት ባለሙያ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ወደ ለ ትልካለች። ፈረቃው እንዴት ነው የተደራጀው? መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ማሽን ሲበላሽ በስንት ቀን ይጠገናል? ጥያቄው ከሰንጠረዥ ወደ ወርክሾፕ ይወርዳል።

ሌላም ጠንቅ አለ። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙባት አንዲት የልምድ ሕግ ነበረች። የግብዓቱንና የውጤቱን ዓይነት ደምረህ በሦስት አባዛ፤ ቢያንስ ያን ያህል ከተማ ያስፈልግሃል ትላለች። አራት ግብዓትና ሁለት ውጤት ካስገባችሁ 18 ከተማ መሆኑ ነው። እስቲ ክልላችንን ቁጠሩ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወልድያ፣ ደብረ ታቦር፣ እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላም። አሥር ላይ ሳንደርስ ወደ ትንንሾቹ ወርደናል። ከተሞቹ ጥቂት ሲሆኑ እያንዳንዷ በአንድ ነገር ከሁሉም ትለያለች። ያኔ ሁሉም አንደኛ ይወጣሉ። ሁሉም አንደኛ የሆነበት ጥናት ካያችሁ ደስ አይበላችሁ።

የዚህ ስሌት ትልቁ ድክመት ዕድልን አለማወቁ ነው። ዝናብ ቢያጥር፣ ትራንስፎርመር ቢፈነዳ፣ ቁጥሩ በስህተት ቢመዘገብ ሁሉንም "ስንፍና" ብሎ ይቆጥረዋል። በ1977 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሌላ መንገድ አሳዩ። ከጣሪያው የጎደለውን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ የዕድል፣ ሌላው የአሠራር ጉድለት። ይኼኛው መንገድ ለዕድል ቦታ ይሰጣል። ግን የምርቱ ቀመር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ መገመት አለባችሁ። እኔ ሁለቱንም ሠርቶ ማነጻጸር እመርጣለሁ። ሁለቱ ከተስማሙ ጥሩ ነው። ካልተስማሙ ስለዚያች ከተማ ከመፍረዳችሁ በፊት ቁጥሯን እንደገና ፈትሹ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት እንምጣ። ቁጥሩ ራሱ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ስንት ሰው አላት? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ይህ አንድ ችግር ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ያው ቆጠራ ራሱ ለባሕር ዳር ሦስት ቁጥር ይሰጣችኋል። ለከተማዋ 155,428። ለልዩ ዞኑ የከተማ ነዋሪ 180,174። ገጠሩ ሲጨመር 221,991። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ወሰኑ የት ላይ ተሰመረ የሚለው ነው፤ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይና መሸንቲ ውስጥ ናቸው ውጭ? የከተማዋን ገቢ ይዛችሁ በመጀመሪያው ፋንታ በመጨረሻው ቁጥር ብታካፍሉት የነፍስ ወከፉ በ30 በመቶ ይወርዳል። ማንም ሳይደኸይ።

ደሴም ያው ናት። በዚያው ቆጠራ 151,174 የሚል ታገኛላችሁ፤ የከተማ ነዋሪው ብቻ ሲባል 120,095 ነው። ስለዚህ "ባሕር ዳር ከደሴ ትበልጣለች" የሚል ሰው ቢገጥማችሁ መጀመሪያ የቱን ከየቱ ጋር እንዳወዳደረ ጠይቁት።

ደግሞ የተቆጠረው ሰው ማታ የሚያድርበት ነው። ሥራ የሚሠራው ቀን ነው። በጠዋት ከመራዊና ከሐሙሲት ሚኒባስ ሞልቶ ይመጣል፣ ማታ ሞልቶ ይመለሳል። ያ ሰው ሀብቱን የፈጠረው እዚህ ነው፤ የተቆጠረው ግን እዚያ ነው። ምርታማነት ማለት ምርት ሲካፈል ለሠራተኛ ነው ካልን ላዩ የባሕር ዳር፣ ታቹ የመራዊ መሆን የለበትም።

ላዩም ቢሆን ቀላል አይደለም። የከተማ ጂዲፒ በየዓመቱ የሚያወጣልን የለም። እንበልና ልንሠራው ተነሣን። የባንኮቹን ቅርንጫፎች የት እንመዝግባቸው? ገንዘቡ የተሰበሰበው እዚህ ነው፤ የሒሳብ መዝገቡ የተዘጋው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ቴሌም፣ መብራትም፣ አየር መንገድም እንደዚያው። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫን ውሰዱ። ውኃው የዚህ ሐይቅ ነው። በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ይወርዳል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 460 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል። ምርቱ የየትኛዋ ከተማ ነው? ለባሕር ዳር ከሰጣችኋት በአንድ ሌሊት የአገሪቱ ጀግና ትሆናለች። ከነሣችኋት ደግሞ ለሐይቁ መውረድ የምትከፍለውን ዋጋ ማን ይቆጥርላታል?

የወረታው ሩዝም አለ። ያመረተው የፎገራ ገበሬ ነው፣ የፈለፈለው ወረታ ነው፣ ያከፋፈለው ባሕር ዳርና ጎንደር ያለ ነጋዴ ነው። እያንዳንዱ ከተማ የሩዙን ሙሉ ዋጋ ከመዘገበ አንድ ኩንታል ሩዝ ሦስት ጊዜ ተመረተ ማለት ነው። መቆጠር ያለበት እያንዳንዱ የጨመረው ብቻ ነው። የተገዛበት ሲቀነስ ከተሸጠበት። ይህን ለማግኘት ደረሰኝ ያስፈልጋል።

ደረሰኝ ስል ሳቃችሁ። ገባኝ።

ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች ተመልከቱ። ቆሮሶውን በግራ እጁ ይጫነዋል፤ ከጆሮ ግንዱ በታች ይሰነጥቀዋል፤ ቢላዋው በአጥንቱ ላይ ተንሸራቶ እስከ ጭራው ይሄዳል። ገልብጦ ያንኑ ይደግማል። አንድ ዓሣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ትርፉን ፔሊካኖቹ ይጠብቃሉ። ይህ ልጅ በሰዓት የሚያወጣውን ፊሌ ብትመዝኑ ከብዙ ፋብሪካ ሠራተኛ የበለጠ ምርታማ ልታገኙት ትችላላችሁ። ግን የትም አልተመዘገበም። ንግድ ፈቃድ የለው፣ ደሞዝ ዝርዝር ላይ የለ። የመካከለኛና ከፍተኛ አምራች ኢንዱስትሪ ጥናት የሚቆጥረው 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ኖሮት በሞተር ኃይል የሚሠራውን ነው። ታንኳ ደግሞ ሞተር የላትም። ለብዙ ዓመት "ደረጃ ሐ" የነበረው ነጋዴም የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ በግምት ነበር የሚከፍለው። እንግዲህ መደበኛ ያልሆነ ሥራ የሚበዛባት ከተማ በወረቀት ላይ ሰነፍ ትመስላለች።

ታዲያ ምን ይደረግ ቢባል ከሰማይ ማየት ተጀመረ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሄንደርሰን፣ ስቶሪጋርድና ዌይል የተባሉ ተመራማሪዎች የማታ መብራት ከሳተላይት ታይቶ የኢኮኖሚ ዕድገትን ለመገመት እንደሚረዳ አሳዩ። ወረቀቱ ሲዋሽ መብራቱ አይዋሽም የሚል ተስፋ ነው። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ባሕር ዳር ላይ ስትሞክሩት ሁለት ነገር ያስቸግራችኋል። አንደኛው ሐይቁ ነው። የድሮዎቹ ሳተላይቶች ምስል ላይ የከተማ ብርሃን ወደ ውኃው ይፈስሳል። ጣና ላይ ሰው የሚኖር፣ ሱቅ የተከፈተ ይመስላል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። አዲሶቹ ሳተላይቶች የሚያልፉት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ያኔ የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቶች ተዘግተዋል፣ ባጃጁ ቆሟል፣ ዘበኛው ብቻ ነው የነቃው። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ወቅት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። መብራት ጠፍቶ የነበረ እንደሆነማ ስለ ንግዱ ያወቅን መስሎን የለካነው የመብራት ኃይልን ውሎ ነው።

ይህን ስል ማጣጣሌ አይደለም። ለዓመታት አማካይ፣ ለከተማ መስፋፋት፣ በወረቀት ላይ የሌለውን ሰፈር ለማየት ጥሩ ነው።

አሁን ስሱ ወደ ሆነው ጉዳይ ልግባ። ኮምቦልቻ።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ልብስ ስፌት ላይ የሠራችሁ ካላችሁ መስመሩ ጫፍ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ሰሌዳ ታውቁታላችሁ። በየሰዓቱ ታርጌትና የተሠራው ይጻፍበታል። ሱፐርቫይዘሩ ከእሱ ዓይኑን አይነቅልም። ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ ቲሸርት ለመስፋት 8 ደቂቃ ይበቃል ተብሎ ተጠንቷል እንበል። መስመሩ ላይ 40 ልጆች አሉ፤ በቀን 480 ደቂቃ ይሠራሉ። በድምሩ 19,200 ደቂቃ ነው። ማታ 1,200 ቲሸርት ከወጣ የተሠራው ሥራ 9,600 ደቂቃ ነው። ኢፊሸንሲ 50 በመቶ። ልጆቹ ሰነፉ? ጨርቁ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። መብራት ሁለት ሰዓት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያላት ሰፊ ደሞዙ ኪራይ አልችል ብሏት ለቃ፣ አዲሷ ገና እጇ አልፈታም ይሆናል። ሰሌዳው ግን ይህን አይጽፍም። 50 ይላል፣ አለቀ።

ይህን ወደ ከተማ አሳድጉት። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሁለቱ ከተሞች ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 2022 የመጀመሪያ ቀን፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው አጎዋ ዕድል ወጣች። ለአሜሪካ ገበያ ይሰፋ የነበረ ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። በዚያ ዓመት የኮምቦልቻን ውጤት ስታሰሉ ሕንፃው አለ፣ ወለሉ አለ፣ ምርቱ የለም። ኮምፒውተሩ "ኮምቦልቻ ብቃት የላትም" ይላችኋል። ይህን ቁጥር ሳይብራራ ያወጣ ሰው እኔ ዘንድ ጥናት ሠርቷል አይባልም።

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭትም እንዲሁ ነው። መንገድ ሲዘጋ ጭነት ይቆማል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የባንክ ዝውውር ይቆማል። ከተማዋ ራሷ ያላመጣችውን ነገር ለይቶ ማውጣት ግድ ነው። ቢያንስ መንገዱ የተዘጋበት ቀንና መብራት የጠፋበት ሰዓት አብሮ መግባት አለበት። ይህን ማስተካከያ በሁለተኛ ዙር ስሌት፣ ማለትም ውጤቱ ከወጣ በኋላ ከእነዚህ ችግሮች ጋር በማያያዝ፣ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ግን እንደ ነገሩ ይሠሩታል። ሲማርና ዊልሰን በ2007 እ.ኤ.አ. የት የት እንደሚስት በዝርዝር አሳይተዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትዘጋጁ ተማሪዎች አደራ፣ እሱን ሳታነቡ እንዳትጀምሩ።

ዓመትን ከዓመት ማወዳደር ለምትፈልጉ ማልምኲስት የሚባል ስሌት አለ። ስሙን ያገኘው ከስዊድናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። ለውጡን ለሁለት ይከፍለዋል። ከተማዋ ወደ ጣሪያው ቀረበች ወይ? ወይስ ጣሪያው ራሱ ተንቀሳቀሰ? ጎበዞቹ በችግር ምክንያት ወደ ኋላ ከተመለሱ፣ ባለችበት የቆመችው "ደረሰችባቸው" ትባላለች። እንዲህ ዓይነት መድረስ ለማንም አይመኙትም።

ስለ ከተማ መጠን አጭር ነገር ልበልና ልለፈው። አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. እንዳስተማረው አንድ ዓይነት ሥራ አንድ ሰፈር ሲሰባሰብ ሙያ ይዛመታል፣ ዕቃ በቅርብ ይገኛል፣ ሠራተኛና ቀጣሪ ቶሎ ይገናኛሉ። በሀብታም አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ከተማ እጥፍ ሲሆን ምርታማነት ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚያድግ ይገምታሉ። እኛ ዘንድ ያ ቁጥር እንዳለ ይሠራል ብዬ አልምልም። ሰው ወደ ከተማ የሚገባው ሥራ ስለጠራው ብቻ አይደለም፤ ተፈናቅሎም ይገባል። ያን ጊዜ ሕዝቡ እጥፍ ይሆናል፣ ውኃውና መንገዱ ግን ያው ነው። ባሕር ዳርም ያደገችው በመሰባሰብ ብቻ አይመስለኝም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ፖሊ ቴክኒኩ፣ የጢስ ዓባይ መብራት ሁሉም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተከታትለው መጡ። የክልል ዋና ከተማነቱ ደግሞ ኋላ ተጨመረ። አቅደው ያመጡት ነገር ነው።

አንድ ማምታቻ ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የማዘጋጃ ቤት ቅልጥፍናና የከተማ ኢኮኖሚ ቅልጥፍና ሁለት ነገር ናቸው። እዚህ ያላችሁ ባለሙያዎች ዩአይአይዲፒን ታውቁታላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ 117 ከተሞች የነበሩበት የከተሞች ተቋምና መሠረተ ልማት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። ከተማው በየዓመቱ ይገመገም፣ በውጤቱ መጠን ገንዘብ ያገኝ ነበር። ይገመገም የነበረው ዕቅድ፣ ኦዲት፣ ግዥ፣ ኮብልስቶን፣ የፍሳሽ መስመር ነው። ጥሩ ነው። ግን በዚህ 90 ያመጣ ማዘጋጃ ቤት ያለባት ከተማ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪው ምርታማ ነው ማለት አይደለም። ግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ያለው ባሕር ዳር ነው። ከጎንደርና ከመተማ የሚመጣው ጭነት መኪና ግን ይሻገርበታል። ወጪውን በባሕር ዳር መዝገብ፣ ጥቅሙን በጎንደር መዝገብ ብትጽፉት ባሕር ዳር አባካኝ ትሆናለች።

አሁን ጥያቄዎቹን እንስማ።

አንድ አባት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት ነግጃለሁ። ለገቢዎች ያልነገርኩትን ለአንተ ቅጽ እነግራለሁ ብለህ ታምናለህ?"

አባቴ፣ አላምንም። ለዚህ ነው ሽያጭን በቀጥታ መጠየቅ የማይበጀው። ሰው የሚደብቀው ብርን ነው። ስንት ሠራተኛ እንዳለው፣ ሱቁን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚቆጥርበት ብዙም አይደብቅም። የመብራት ቆጣሪው ደግሞ ከእርስዎም ከእኔም ጋር አይመካከርም። መቶ በመቶ አይሆንም፤ ግን ለሁሉም ከተማ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሰበሰበ ማወዳደሪያ ይሆናል። ደግሞ መረጃው ወደ ግብር ቤት እንደማይሄድ በሕግ መጠበቅ አለበት፤ እሱ ከሌለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

አንዲት ተማሪ ደግሞ ቀጥታ መጣችብኝ። "ብዙ ተናግረዋል፤ ርዕሱን ግን አልመለሱም። ባሕር ዳር ከጎንደር ትበልጣለች ወይስ አትበልጥም?"

ያዝሽኝ። ልመልስልሽ። ሁለቱ ጥሩ አቻ አይመስሉኝም። ጎንደር የአፄ ፋሲል ከተማ ናት፤ ጎብኚ ሲኖር ትሞቃለች፣ ሲጠፋ ትቀዘቅዛለች፤ ወደ ሱዳን የሚወጣው መንገድ ደግሞ ንግዷን ይወስነዋል። ባሕር ዳርን ከማን ጋር ታወዳድራለህ ብትይኝ ክልሉን አልፌ ሐዋሳ እላለሁ። ሁለቱም ሐይቅ ዳር ናቸው። ሁለቱም የክልል መቀመጫ ናቸው። ሁለቱም ትልቅ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ፓርክ አላቸው። ልዩነታቸው ርቀቱ ነው፤ ሐዋሳ ለአዲስ አበባ በግማሽ መንገድ ትቀርባለች። ያን ማስተካከል ይቻላል። ከጎንደር ጋር ያለውን ታሪክ ግን በቀመር አታስተካክዪውም። ለጎንደር ደግሞ ሌላ አቻ ፈልጊላት፤ ለመመረቂያሽ ጥሩ ርዕስ ይሆንሻል።

የመጨረሻው ከከተማ አስተዳደር የመጡ ባለሙያ ናቸው። "ጥሩ ነው። ግን ቆጠራ የለ፣ ገንዘብ የለ። ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ ምን ላድርግ?"

ነገ ጠዋት የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቅጹ አለ፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ ይሞላል። ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ። ስንት ሰው ያሠራሉ? ሥራው ያለው የትኛው ቀበሌ ነው? ባለቤቱ የሚኖርበትን ሳይሆን ሥራው ያለበትን ይጻፉ። ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ላሉ የሥራ ባልደረቦችዎ ደውለው ያንኑ ሁለት መስመር በዚያው አጻጻፍ እንዲጨምሩ ይለምኗቸው። አጻጻፉ ከተለያየ አይሆንም። ከሦስት ዓመት በኋላ ያን መዝገብ ይዘው ቢጠሩኝ፣ ወጪዬን ችዬ መጥቼ ስሌቱን አብሬዎት እሠራለሁ።